የኦቲዝም ምርምር ውጤት ከመዲናዋ አልፎ ቀበሌ ሊደርስ ይገባል

በጋምቤላ ክልል አቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተጀመረ ሲሆን፣ ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ቢታቀድም፣ ለበርካታ ዓመታት የታሰበለትን ያህል ጥቅም ሳይሰጥ ቆይቷል። ውሃ ማሳ ካልደረሰ መጠራቀሙ ብቻውን ፋይዳ እንደሌለው ሁሉ፣ ዕውቀትም ተጠቃሚው ዘንድ ካልደረሰ ልማት ሊሆን አይችልም። ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ለመርዳት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተካሄደው ምርምር የሚገኝበት ደረጃም ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ በመመሥረት ፈር ቀደዋል። እ.ኤ.አ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ወ/ሮ ዘሚ፣ የአማርኛን ድምፆች መሠረት ያደረገ “አቡጊዳ ፎኔቲክስ” የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴም አበርክተዋል።

የችግሩን ጥልቀት ጥናት አረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመና በአዲስ አበባ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉት መካከል 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት ይሰማቸዋል፤ ከአራት አንድ የሚሆኑት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ ይጥራሉ። የተደበቀ ሕፃን የሚያነጋግረው ሰው ስለማያገኝ ሐሳቡን የመግለጽ ዕድሉ ይበልጥ እንደሚጠብ እሙን ነው።

መፍትሔውም ተፈትሿል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን የዓለም ጤና ድርጅትን የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና ከአገራችን ሁኔታ ጋር አጣጥመዋል። ሥልጠናው ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችንና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝቶችን ያቀፈ ነው። ወላጆች በጨዋታና በዕለት ተዕለት የቤት ሥራ አማካይነት የልጃቸውን ምልክትና እንቅስቃሴ አስተውለው ምላሽ መስጠትን ይማሩበታል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ከፍተኛ ስፔሻሊስት ያልሆነ ባለሙያም ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ሲያገኙ ስለ ኦቲዝም ያላቸው የተዛባ አመለካከት እንደሚቀንስ ሌላ ጥናት ማሳየቱም ተስፋ ሰጪ ነው።

ይሁን እንጂ በአማርኛ የተዘጋጀ ሥልጠና በአልዌሮ አካባቢ ላለች እናት በቂ ሊሆን አይችልም። ልጇ የመጀመሪያ ቃሉን የሚሰማው በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ ወይም በማጃንግኛ ነውና። ስለሆነም የጤናና የትምህርት ቢሮዎች ሥልጠናውን በአካባቢው ቋንቋዎች ማዘጋጀትን፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለመምህራን መስጠትን፣ እንዲሁም በጀት መመደብን በዓመታዊ ዕቅዳቸው ሊያካትቱ ይገባል። በክልሉ የሚገኘው የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ውጤቱን የመከታተል ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ግድቡ በምርምር ተገንብቷል፤ የቀረው ቦዩን እስከ ማሳው መዘርጋት ነው። ይህም በዋናነት የአስፈጻሚው አካል ኃላፊነት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።