ላሟ የምትሠራውን ብርሃን ሲሠራው

እስቲ ዛሬ ስለ ዘይት እናውራ። ስለ ዋጋው አይደለም፤ እሱንማ ሁላችንም እናውቀዋለን።

በወተት፣ በቅቤና በበሬ ሥጋ ስብ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኝ፣ ሲኤልኤ የሚባል ፋቲ አሲድ አለ። ላሟ ከመኖዋ የምታገኘውን ሊኖሊክ አሲድ በጨጓራዋ ያሉ ባክቴሪያዎች ቅርጹን ሲለውጡት ነው ሥራው የሚጀመረው። ዝናውን ያገኘው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ነው። እነ ማይክል ፓሪዛ በተጠበሰ የበሬ ሥጋ ውስጥ ካንሰር አምጪ ነገር ሲያስሱ ተቃራኒውን አገኙ! በ1987 እ.ኤ.አ. ማንነቱን ለዩት፤ የአይጦችን የቆዳ ዕጢም ሲቀንስ አሳዩ።

ታዲያ ሲኤልኤ ፍለጋ ቅቤ በኪሎ አይበላ ነገር! እዚህ ላይ አኩሪ አተር አብቃይ በሆነችው አርካንሳስ፣ እነ አንድሩ ፕሮክተር ብቅ አሉ። የአኩሪ አተር ዘይት ግማሽ ያህሉ ሊኖሊክ አሲድ ነው። ዘይቱ ላይ ጥቂት አዮዲን ጨምረው አልትራቫዮሌት ብርሃን አበሩበት። ብርሃኑ አዮዲኑን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀው አዮዲን ደግሞ በአሲዱ ውስጥ ተራርቀው የነበሩትን ሁለት ጥንድ ትስስሮች ጎን ለጎን ያመጣቸዋል። በቃ፣ ሲኤልኤ ሆነ። በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ 20 በመቶ ገደማ አደረሱት። እኛ በበኩላችን አጨብጭበናል።

ጭብጨባችን የሚቆመው ግን ጠርሙሱ ላይ «ለጤና ተስማሚ» ሊለጠፍ ሲል ነው። ለምን ቢሉ፣ ላሟ የምትሠራውና ብርሃን የሚሠራው በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በቅርጽ ይለያያሉ። የላሟ በአብዛኛው ሲስ-ትራንስ የሚባለው ነው፤ የብርሃኑ በአብዛኛው ትራንስ-ትራንስ። ቅርጽ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ለማክሻ ተብሎ በሚሸጠው የሲኤልኤ እንክብል ውስጥ ካሉት ቅርጾች አንዱ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ የስዊድን ጥናት ቦርጫም ወንዶች ላይ ሲሞከር ሰውነታቸው ለኢንሱሊን ያለውን ምላሽ አዳክሟል። የአርካንሳሱ ዘይት በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የጉበት ስብና ኮሌስትሮል ቀንሷል፤ የቀነሰው ግን የወፍራም አይጦችን ነው። እኛ ደግሞ፣ ይመስገነው፣ አይጥ አይደለንም።

ስለዚህ ሻጭ ሲመጣ የትኛው ቅርጽ እንደሆነ፣ በስንት መጠን በሰው ላይ እንደተሞከረ፣ አዮዲኑስ ተጣርቶ መውጣቱን እንጠይቀው።

ጾመኛው ወገናችን «ከቅቤ የሚገኘው ነገር ከቅባት እህል ከመጣማ!» ብሎ ዓይኑን ኑጉ ላይ ቢጥል አንፈርድበትም። የኑግ ዘይት ከግማሽ በላይ ሊኖሊክ አሲድ ስለሆነ ለሙከራ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ከውጭ የሚገባው ፓልም ላይ ግን መብራት ማባከን ነው፤ ያለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።