የዩኒቨርሲቲዎቻችን ድረ ገጽ ባለቤቱ ማን ነው?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናም ሆነ በሞጣ ከተማ፣ ልጁ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈለት ቤተሰብ ከውጤቱ ቀጥሎ በጉጉት የሚጠብቀው የዩኒቨርሲቲውን የጥሪ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የመግቢያውን ቀንና ተማሪው የሚሄድበትን ግቢ ያሳውቃል፤ ይዞት የሚመጣውን የትምህርት ማስረጃ ዋናና ቅጂ፣ የጉርድ ፎቶግራፍ ብዛት፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ሳይቀር ይዘረዝራል። የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ሐረማያ ወይም አርባ ምንጭ ከሆነ መንገዱ በደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ስለ ቀኑ የተሳሳተ መረጃ መያዝ የትራንስፖርት ወጪን፣ ሲከፋም የምዝገባ ዕድልን ሊያሳጣ ይችላል።

ዕድሉ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የ2014 ዓ.ም ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909፣ ማለትም 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። በዚህ ወንፊት አልፎ የተጠራ ተማሪ መቼና የት እንደሚገኝ በትክክል የማወቅ መብት አለው። የዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽና የይዘቱ አስተዳደር ጉዳይም ከዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

በአሁኑ ወቅት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የዕለት ተዕለት ማስታወቂያዎቻቸውን የሚያወጡት በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾቻቸው ነው። ፈጣንና ርካሽ በመሆናቸው፣ ተማሪውም በዚያው ስለሚውል ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም። ችግሩ ግን እነዚህ ገጾች በማንም ስም በማንም ሊከፈቱ መቻላቸው ነው። የዩኒቨርሲቲውን ዓርማ ገልብጦ፣ ስሙን በአንድ ፊደል ለውጦ ሐሰተኛ ጥሪ ማውጣት ለአጭበርባሪ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ትምህርት ሚኒስቴርም በስሙ በተከፈቱ ሐሰተኛ ገጾች ኅብረተሰቡ እንዳይታለል ያሳሰበባቸው ጊዜያት አሉ።

በአንጻሩ በ"ኢዱ ነጥብ ኢቲ" የሚያበቃ አድራሻ ማንም እንደፈለገ የሚከፍተው አይደለም። "ኢቲ" የሚለው የአገራችን መለያ በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደር ሲሆን፣ "ኢዱ" የሚለው ቅጥያም ለትምህርት ተቋማት የተለየ ነው። በመሆኑም በቢቸና የሚኖር ወላጅ አንድ ጥሪ እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ያለው ቀላሉ መንገድ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ መመልከት ነበር። "ነበር" የሚያሰኘው፣ ወላጁ ድረ ገጹን ሲከፍት የሚያገኘው ያለፈው ዓመት ጥሪ ከሆነ ማረጋገጫው ራሱ አሳሳች ስለሚሆን ነው። በቴሌግራም የወጣውን አዲስ ጥሪ ድረ ገጹ ሳይዘው ከቀረ፣ ጠንቃቃው ወላጅ እውነተኛውን ጥሪ ሐሰተኛ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ ይኖርበታል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በተከሰተው የጸጥታ ችግር ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቱም ድረ ገጽ ቢሆን ለሞጣ ተማሪ አይደርስም። ሬዲዮና በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አሁንም ቦታቸው እንደተጠበቀ ነው። ቢሆንም ለሬዲዮው ጋዜጠኛም ሆነ ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መነሻ የሚሆን አንድ የታመነ ምንጭ ያስፈልጋል።

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ አዳዲስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን መቀበል የጀመሩት ደግሞ ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1999 ዓ.ም ገደማ ነው። በመሆኑም አብዛኞቹ ከልደታቸው ጀምሮ ድረ ገጽን ያውቁታል። አጀማመሩ ግን የቴክኒክ ጉዳይ ተደርጎ ነበር። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም በጨረታ ያሸነፈ ድርጅት ገጹን ሠርቶ ያስረክባል፤ ርክክቡ ሲያበቃ ሥራውም ያበቃል። ልክ ሕንፃ እንደማስመረቅ ማለት ነው። ሕንፃም ቢሆን ጥበቃና ጽዳት፣ ቀለምና ጥገና ይመደብለታል፤ ለድረ ገጹ ግን ይህ ሁሉ ሲመደብለት አይታይም።

ከዚህ የሚከተለው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ዳይሬክቶሬት ሰርቨሩንና የይለፍ ቃሉን ይይዛል፤ ስለ ይዘቱ ግን አያገባኝም ሊል ይችላል። የሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክቶሬት ዜናውን ይጽፋል፤ ስለ ምዝገባ ቀን ግን የሚያውቀው ሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራሩ ደብዳቤውን ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አይከታተልም። የትምህርት ክፍሎች ደግሞ የመምህራን ዝርዝራቸው ከዓመታት በፊት እንደተጻፈ ቢቀር ማንም አይጠይቃቸውም። አራቱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ገጹ ግን አርጅቷል። አንድ ገጽ መቼ ተጻፈ፣ ማን አጸደቀው፣ መቼ ይከለሳል፣ መቼስ ይነሣል የሚሉት ጥያቄዎች የኤዲቶሪያል ጥያቄዎች ናቸው። ጋዜጣ ያለ አዘጋጅ እንደማይወጣ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽም ሙሉ ሥልጣን ያለው አዘጋጅ ያሻዋል።

የዚህ ክፍተት ጎልቶ የሚታይ ምልክት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶግራፍ ነው። ማስታወቂያው በኮምፒውተር ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያም በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ገጹ ላይ ይወጣል። ማኅተም ለአገራችን ሰው የእውነተኛነት መለያ በመሆኑ አሠራሩ ለምን እንደተወደደ መረዳት አያዳግትም። ይሁን እንጂ የመፈለጊያ ሞተሮች በምስል ውስጥ ያለን የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ በአግባቡ አያነቡትም። "የአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥሪ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ምስሉን ላያገኘው ይችላል። ለማየት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚገለገሉባቸው ድምፅ አውጥተው የሚያነቡ ፕሮግራሞችም በምስሉ ፊት ዝም ይላሉ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ካጸደቀች፣ ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ዘመናት አልፈዋል። በዚያ ላይ በተራ ጽሑፍ ቢቀርብ ከቁጥር የማይገባው ማስታወቂያ፣ በምስል ሲሆን ዳታ በሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛውን ተማሪ ያስከፍለዋል።

በቀድሞው ዘመን ለዚህ ምክንያት ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየራሳቸው አቀማመጥ በተሠሩ የአማርኛ ፊደላት የተጻፈ ሰነድ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ምክንያት የለም። የቀረው ችግር የአጻጻፍ ወጥነት ማጣት ነው። ያው ከተማ በአንዱ ገጽ "ቢቸና"፣ በሌላው "ብቸና" ተብሎ ይጻፋል፤ "ሐ" እና "ሀ"፣ "ፀ" እና "ጸ" እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣሉ። ለአንባቢ ቀላል የሚመስለው ይህ ልዩነት ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ገጽ የሚሆን የአጻጻፍ መመሪያ ቢያወጣ ብዙ ወጪ የማይጠይቀው፣ ጥቅሙ ግን ወዲያው የሚታይ ሥራ ይሆናል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የስም ዝርዝር ነው። የተመዝጋቢዎችን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ ማውጣት በሰሌዳ ላይ ከመለጠፍ የተወረሰ ልማድ ነው። ሰሌዳው በሳምንቱ ይጸዳል፤ በኢንተርኔት የወጣው ግን ለዓመታት ተማሪውን ሊከተለው ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግ ጉዳይም ሆኗል። በአንጻሩ ስለ መገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት ስለ ሥራቸው መረጃ ለሕዝብ እንዲያቀርቡ ግዴታ ይጥላል። የተማሪው የግል ውጤት ተሸሽጎ የተቋሙ ዕቅድና ሪፖርት እንዲገለጥ ነው የሁለቱ ሕጎች መንፈስ፤ አንዳንድ ገጾችን የሚመለከት ሰው ግን ነገሩ ተገልብጦ ሊያገኘው ይችላል።

ከጥሪ ማስታወቂያ ባሻገር ዩኒቨርሲቲ ለአካባቢው ያለበት ዕዳ የምርምር ውጤቱ ነው። ቢቸና የምትገኝበት የእነማይ ወረዳ በጤፍ ምርቱ የታወቀ ሲሆን፣ ጥቁር አፈሩ በክረምት ውኃ እየቋጠረ ገበሬውን ሲያስቸግር የኖረ ነው። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያሉት ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ በአፈር አሲዳማነት ይቸገራሉ። በነዚህ ርእሶች ላይ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፎች ተሠርተዋል። የተሠሩት በገበሬው ማሳ ላይ፣ በእርሱ ጊዜና ትብብር ነው። ጽሑፉ ታትሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን የወረዳው የግብርና ባለሙያ እንኳ ሊያገኘው አይችልም።

ይህን ለመለወጥ በአገር ደረጃ መሠረቱ ተጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ምርምሮች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ የሚያደርግ ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል። የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትዎርክ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻም ተቋቁሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት በማቅረብ ቀደምት ሲሆን፣ የአገር ውስጥ የምርምር መጽሔቶችንም በአንድ ገጽ አሰባስቦ ያወጣል። ይሁንና ማከማቻ መኖሩና ሰነዱ በትክክለኛ ርእስ፣ በጸሐፊ ስም፣ በዓመተ ምሕረትና በቁልፍ ቃላት ተመዝግቦ መግባቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ ነው፤ ይህ ሙያተኛ ግን በድረ ገጽ ጉዳይ ሲጠራ ብዙም አይታይም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። የምርምሩ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መሆኑ ከማስተማሪያ ቋንቋው ጋር የተያያዘ ነው። ለእያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ አንድ ገጽ የአማርኛ አጭር መግለጫ እንዲቀርብ ማስገደድ ግን የሚከብድ አይደለም፤ ለተመራቂው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በታላቁ ደራሲ ስም የተሰየመ የሐዲስ ዓለማየሁ የባህል ጥናት ተቋም አለው። የቅኔው አገር ጎጃም፣ የዲማ ጊዮርጊስና የመርጡለ ማርያም ገዳማት ባለቤት፣ ስለራሱ የሚነግረው ሞልቶ የተረፈ ነው። ይህን በራሱ ቋንቋ ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ገጽ የማያነብ ወጣት ከየትም አንስቶ ማንበቡ አይቀርም።

ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎችን ስለ ድረ ገጽ እንዲያስቡ የሚያነሳሳቸው ሌላ ነገር ነው፤ ደረጃ። የስፔን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባልደረባ የሆነ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ "ዌቦሜትሪክስ" በሚል ስም የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን በኢንተርኔት ተሳትፏቸው ሲመዝን ቆይቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገጾችና የፋይሎች ብዛት ከነጥቡ 35 በመቶ ያህሉን ይይዝ ስለነበር፣ ገጽ ማብዛት ደረጃ ያሻሽል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የብዛት መለኪያው ጨርሶ ተነሥቶ፣ ግማሹ ነጥብ ሌሎች ድረ ገጾች ወደ ተቋሙ ለሚጠቁሙት፣ ቀሪው በአብዛኛው ለተጠቀሱ የምርምር ጽሑፎች ሆኗል። ሌላው ዓለም ሊጠቅሰው የሚፈልገው ነገር የሌለበት ገጽ ቢያጌጥ ነጥብ አያገኝም። የተንሸራታች ፎቶግራፎች ውበት ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

የይዘት አስተዳደር ሲባል ማስታወስንም ይጨምራል። በ1998 ዓ.ም አለማያ ዩኒቨርሲቲ ሐረማያ፣ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሀዋሳ ተብለዋል። በ2011 ዓ.ም የተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርም በ2014 ዓ.ም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል። ስም ሲለወጥ ወይም መሥሪያ ቤት ሲዋሃድ የወረቀቱ መዝገብ በርክክብ ይተላለፋል። በአሮጌው አድራሻ የነበሩት መመሪያዎችና ሪፖርቶች ግን የማን ኃላፊነት ናቸው? በጥናታቸው ግርጌ ያንን አድራሻ የጠቀሱ ተመራማሪዎች ሁሉ ማስረጃቸው ባዶ ይሆንባቸዋል። ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ሊያጽናና ይችል ይሆናል። የአሜሪካው ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ እንደማይገኙ አሳይቷል። ነገር ግን በሌላው ዓለም የወረቀት ቅጂና ብሔራዊ የድረ ገጽ ማኅደር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ እዚህ አንዱ ቅጂ ሲጠፋ ሌላ ላይኖር ይችላል።

የደኅንነቱ ነገርም አስቸኳይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት ከሚገለገሉባቸው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞች መካከል የጁምላ 3ኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023፣ የድሩፓል 7ኛው ትውልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የደኅንነት ማሻሻያቸው በሠሪዎቹ ተቋርጧል። በነዚህ ላይ የተሠራ ገጽ ያለው ተቋም ሁሉ በሩን ያለ ቁልፍ ትቶ እንደሚያድር ሰው ነው። አጥቂዎች የትምህርት ተቋማትን አድራሻ የሚመርጡት ስለሚታመን ነው፤ ውስጡን ሰብረው የቁማር ማስታወቂያ ያስቀምጡበታል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ወራት ሊያልፍ ይችላል። በቢቸና ያለው ወላጅ ሊያረጋግጥበት የሚገባው አድራሻ ያው መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ አይደለም። አንድ ኃላፊነት የተሰጠው አዘጋጅ፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ማሻሻያዎችን በየጊዜው የሚጭን አንድ የቴክኒክ ባለሙያ፣ ከሬጅስትራር የሚመደብ አንድ ተጠሪ በቂ ጅምር ነው። ሰርቨሩ በግቢው ውስጥ ሆኖ መብራት በጠፋ ቁጥር ገጹ የሚጠፋበት ተቋም በጋራው ኔትዎርክ የመረጃ ማዕከል የመጠቀም አማራጭ አለው። የሚቀረው ይህ ሥራ በዓመታዊ በጀቱ ውስጥ የራሱ መደብ እንዲኖረው የዩኒቨርሲቲዎቹ ሴኔትና የሥራ አመራር ቦርድ መወሰናቸው ነው።