የጓዳ ትራፊና የጓሮ አትክልት፤ ኮምፖስቱን ከየት እናምጣው?

በበጋ ወራት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የኮምፖስት ሪፖርት በሜትር ኩብ ይሞላል። የተቆፈረው ጉድጓድና የተሳተፈው አርሶ አደር ይቆጠራል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ነገር ግን ብዙም አይጠየቅም።

በገጠር ቤት የሚጣል የምግብ ትራፊ እምብዛም የለም። የድንቹ ልጣጭ ለበግ፣ ፍርፋሪው ለዶሮ፣ የጠላው አተላ ለላም ይሰጣል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንዲህ ባለ ቤት «የጓዳ ትራፊ ኮምፖስት አድርጉ» ማለት ከከብት አፍ ቀምቶ ለጉድጓድ እንደመስጠት ነው። ትራፊው ያለው ከተማ ውስጥ ነው። የሽንኩርት ገለፈት፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭና የቡና አተላ ከፌስታልና ከጠርሙስ ስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ ወደ መጣያ ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

አባወራው መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ ነዋሪው ለይቶ ቢያስቀምጥም ሰብሳቢው ማኅበር በአንድ ጋሪ ከጫነው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የከተማ አስተዳደሮች መጀመር ያለባቸው ከዚህ ይመስለናል፤ የአትክልት ተራና የምግብ ቤቶች ትራፊ በብዛትም በንጽሕናም ከቤት ለቤቱ ይቀልላል።

ትራፊው ዩሪያን ይተካል ብሎ ተስፋ መስጠት ግን አርሶ አደሩን ማታለል ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይዟል። ናይትሮጅኑ አንድ በመቶ የሆነ ደረቅ ኮምፖስት ይህንኑ ለመስጠት 46 ኩንታል ያስፈልገዋል፤ ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ የሚያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። ለአንድ ሄክታር ጤፍ የጓዳ ትራፊ አይበቃም። ለጥቂት መደብ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ ግን ይበቃል፤ አፈሩም እርጥበት እንዲይዝ ያደርጋል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ላነቃቃው የጓሮ ልማት፣ እንዲሁም በትምህርት ቤትና በወጣቶች ማኅበራት ግቢ ለሚለማው አትክልት፣ ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ እጅ እርጥብ ትራፊ ሲጨመር ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ገለባ ወይም ቅጠል ይነባበራል፤ ስስ አፈርና ጥቂት አመድ ይጣልበታል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት ውሻና አይጥ ስለሚጠሩ አይገቡም። በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ የሚወጣው ከሆነ እርጥበቱ ልክ ነው፤ ከሸተተ ገለባ አንሶታል ወይም አየር አጥቷል። በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ በሦስት ወር ገደማ ጠቁሮ የጫካ አፈር መሽተት ይጀምራል።

በተለይ ዝናብ በሚበዛባቸው ወረዳዎች ክረምት ላይ ጉድጓድ ማስቆፈር ውኃ ማቆር ነው። በእነዚህ ቦታዎች ክምሩ ከመሬት በላይ ተሠርቶ በሣር ወይም በሸራ ቢሸፈን ይሻላል፤ ሪፖርቱም ክምርን እንደ ጉድጓድ ሊቆጥር ይገባል።