የመርከቧ ባትሪ ሒሳብ ወደብ ላይ ነው

በኤሌክትሪክ ስለሚሄዱ መርከቦች ሲወራ ብዙዎች የሚጠይቁት ባትሪው ምን ያህል ያስኬዳል ብለው ነው። በእኔ እምነት ዋናው ጣጣ ያለው ወደቡ ላይ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ያስጀመረቻት «አምፔር» 120 መኪኖች ጭና 6 ኪሎ ሜትር የማይሞላውን ውኃ በ20 ደቂቃ ትሻገራለች። የጎደለውን ኃይል የምትሞላው አራግፋ እስክትጭን ባሉት 10 ደቂቃዎች ነው። የመንደሮቹ የኤሌክትሪክ መስመር ግን ይህን ሸክም ባንዴ አይችለውም። ስለዚህ በሁለቱም ዳርቻ 260 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተተከለ፤ መርከቧ ስትርቅ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ስትደርስ ያካፍላታል። ለአንዲት መርከብ ሦስት ባትሪ መሆኑ ነው! «ከናፍጣ ይረክሳል» የሚሉ ወገኖች ሒሳባቸው ውስጥ የወደቦቹን ሁለት ባትሪዎች ካላስገቡ፣ በበኩሌ አልቀበላቸውም።