እንጨቱ ይፋቅ!

በሕግ አምላክ! «ፍሬት በሌለው ቤዝ ጊታር ላይ ጠፍጣፋ ክር እንጂ ሌላ አይወጠርም» የሚሉን አዋቂ ነን ባዮች በዙብን። ለምን? እንጨቱ ይፋቃላ! ጊታሩ የተገዛው ሊጫወቱበት ነው ወይስ ሳሎን ሊሰቅሉት?

ስላፕ የሚጮኸው ክሩ ከፍሬቱ ብረት ጋር ሲላተም ነው። ፍሬት ከሌለ ክሩ የሚያርፈው እንጨት ላይ ስለሆነ፣ ጥርት ያለው ድምፅ ከራሱ ከክሩ መውጣት አለበት። ጠፍጣፋው ግን «ዱብ» ብሎ ይቀራል። እኛ የምንለው፦ ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ከማይዝገው ብረት ለስለስ ያለ የኒኬል ክር፣ ውፍረቱ ከ40 እስከ 100፣ አዲስ!

ጃኮ ፓስቶሪየስ እንኳ (የሚታወቀው በስላፕ አይደለም፣ እሺ) ፍሬት አልባ ቤዙ ላይ የሮቶሳውንድ ክብ ክር ወጥሮ፣ እንጨቱን በኢፖክሲ ለበጠው እንጂ ወደ ጠፍጣፋ አልሸሸም። የተፋቀ እንጨት ይላጋል፣ ይቀባል። ክሩ ያላወጣውን ትሬብል በአምፕሊፋየር ብትጨምሩት ግን የምታገኙት «ሽሽሽ» ነው...