የኮምፒዩተር መታደስና የነጋዴው መዝገብ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል፣ ዛሬ በየንግድ ቤቱ ለሚታየው የኮምፒዩተር ችግር የተነገረ ይመስላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ቀኑ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመቱን ሂሳብ አጠናቀው በሚያሳውቁበት ወር ላይ በመዋሉ፣ ብዙ ነጋዴ ከሁለት ጭንቀት መካከል ገባ። ወደ ዊንዶውስ 11 በጥድፊያ ከተሻገሩትም መካከል የሂሳብ ፕሮግራማቸው እንደ ተከፈተ የሚዘጋባቸው፣ ፕሪንተራቸውም አልታዘዝ የሚላቸው አልታጡም።

በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው ከባዱ ስሕተት፣ ሁሉንም ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ፕሮግራም ተመልሶ ይጫናል፤ ግልባጭ ያልተያዘለት የዓመታት መዝገብ ግን አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር የሂሳቡን ፋይል ገልብጦ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ማኖር ነው።

ቀጥሎ ምክንያቱን በትዕግሥት መመርመር ይገባል። ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የተባለው የዊንዶውስ መመልከቻ፣ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ቀን እንደ ወደቀ ዕለት በዕለት መዝግቦ ያሳያል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ ለባለ 32 ቢት የተዘጋጀ የፕሪንተር ድራይቨር አይቀበልም፤ መድኃኒቱም ከአምራቹ አዲሱን ማምጣት ነው። በአገራችን ንግድ ቤቶች በሰፊው የተለመደው ፒችትሪም ፐርቫሲቭ በተባለው የመረጃ ቋት አገልግሎት የሚሠራ በመሆኑ፣ ያ አገልግሎት ሳይነሣ ቢቀር መዝገቡ ደኅና ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ አይከፈትም። እንግዲህ መዝገቡ ጠፋ ከማለት አስቀድሞ አገልግሎቱ መነሣቱን ማየት ተገቢ ነው። ይህ ሁሉ ካልረዳ፣ ከነባሩ ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ የተሻገረ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል፤ ለዚህ ግን የአሮጌው ዊንዶውስ ፋይል አስቀድሞ መደምሰስ የለበትም።

«የቆየው ይበልጣል» ብለው ከነጭራሹ ላለማደስ የቆረጡም አሉ። ሐሳባቸው ፍርሃትን እንጂ ማስተዋልን አያሳይም። የደኅንነት ጥገና የተቋረጠበት ኮምፒዩተር መዝጊያው እንደ ላላ መጋዘን ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የተራዘመ ጥገና መግዛት ቢቻልም፣ ይህ ፋታ ይሰጣል እንጂ ከመሻገር አያድንም።

ዋናው ቁም ነገር ጊዜን መምረጥ ነው። ሂሳብ በሚዘጋበት ሰሞን መጋዘኑን አፍርሶ የሚሠራ ነጋዴ የለም፤ ኮምፒዩተሩንም በዚያው ሰሞን ማፍረስ አይገባም። ግብሩ ከተከፈለ በኋላ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሞክሮ፣ ደረሰኙ መታተሙንና ሂሳቡ መከፈቱን አይቶ ወደ ሌሎቹ መሻገር ብልኅነት ነው። ባለሙያው ኮምፒዩተሩን ይጠግናል፤ ስለ መዝገቡ የሚጠየቀው ግን ባለንብረቱ ነውና፣ ቀኑን የሚቈርጠውም ግልባጩን የሚያስቀምጠውም እርሱ ሊሆን ይገባል።