ሰሌዳው የሕዝብ መለያ እንጂ የባለገንዘብ ጌጥ አይደለም

ገንዘብ የሁሉም ነገር መለኪያ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ ሸቀጥ ሳይሆን የሚቀር ነገር እምብዛም የለም። መሬት ይሸጣል፤ ውኃ ይሸጣል፤ የሰው ጉልበት ይሸጣል። ከዚህም አልፎ ማንም ያላመረተው ተራ ቁጥር እንኳ ጨረታ ወጥቶበት የባለጸጎች መፎካከሪያ ይሆናል። የተሽከርካሪ ባለቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ እየከፈሉ ስማቸውን፣ የድርጅታቸውን መጠሪያ ወይም የመረጡትን ቁጥር በሰሌዳቸው ላይ የሚያስጽፉበት አሠራር የዚሁ ዝንባሌ አንዱ ገጽታ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ለኅብረተሰቡ ይበጃልን?

ጥያቄው ሲነሣ «መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና ሰሌዳ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ አመለካከት ከሥረ መሠረቱ የተሳሳተ ነው። በሐዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖረው ሠራተኛ ጧት ከቤቱ ሲወጣ በእግሩ ይጓዛል፤ አለዚያም ብስክሌቱን ይነዳል፤ አለዚያም ባጃጅ ይሳፈራል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑት ሠራተኞች፣ ፈረቃ በተለዋወጠ ቁጥር የመንገዱን ዳር ከመኪናው ጋር ይጋራሉ። ሰሌዳ የሚታሰረው በመኪናው ፊትና ኋላ እንደመሆኑ፣ ሾፌሩ መሪውን ይዞ ሳለ የራሱን ሰሌዳ አያይም። የሚያየው፣ የሚያነበውና በክፉ ቀን የሚያስታውሰው እግረኛው ነው። ስለዚህም ሰሌዳ የሚጻፈው በዋናነት መኪና ለሌለው ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ የሌላውን ዓለም ልምድ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአቡ ዳቢ በተካሄደ ጨረታ «1» የሚል አሃዝ ብቻ ያለበት ሰሌዳ በ52.2 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 በዱባይ «ፒ 7» የተባለው ሰሌዳ 55 ሚሊዮን ድርሃም አወጣ፤ ይኸውም በጊዜው ምንዛሪ ወደ 15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ተፈላጊ የሚባሉ ሰሌዳዎችን ራሱ ለገበያ ያቀርባል። ሆንግ ኮንግ ባለቤቱ ራሱ የመረጣቸውን ፊደሎችና አሃዞች እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ በጨረታ ትሸጣለች። በቅርብ ጎረቤቶቻችን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያም ገንዘብ ያለው ሰው የፈለገውን ስም በሰሌዳ ላይ ማስጻፍ ይችላል። እንግዲህ ነገሩ ከሩቅ የሚሰማ ተረት ብቻ አይደለም፤ ከደጃችን የደረሰ ነው።

አሁን የነገሩን ባሕርይ በጥሞና እንመርምር። አናጢው ወንበር ቢሠራ ወንበሩ ዋጋ የሚያወጣው እንጨቱ ስላለ፣ የአናጢውም ጉልበት ስለፈሰሰበትና ሰው ስለሚቀመጥበት ነው። «1» የሚለውን ሰሌዳ ለመሥራት የገባው ብረትና የሠራተኛው ጊዜ ግን «48317» የሚለውን ለመሥራት ከገባው በምንም አይበልጥም። እንዲያውም የአራት አሃዝ ቀለም ተርፎበታል። መኪናውን አያፈጥነውም፤ ነዳጅ አይቆጥብለትም፤ ከአደጋም አይጠብቀውም። ታዲያ ሚሊዮኖቹ የተከፈሉት ለምንድን ነው? ሌላው ሰው እንዳያገኘው ተብሎ ብቻ ነው። የተገዛው ዕቃ «እኔ እንዳንተ አይደለሁም» የማለት መብት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ታሪክ አይደለም። በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ ማዕረጋቸውን በመንገድ ላይ የሚያሳዩት በበቅሏቸው ጌጥና በተከታዮቻቸው ብዛት ነበር። ባላገሩ ገና ከሩቅ ጌጡን አይቶ ከመንገድ ገለል ይል ነበር። በቅሎዋ በመኪና ብትተካም፣ መረሻቷ በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ስም ቢተካም፣ የሚተላለፈው መልእክት ያው ነው፤ «መንገድ ልቀቁ!» የሚል ነው። ልዩ ሰሌዳ ያለውን መኪና ለማስቆም እጁን የሚያነሣ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ «ይህ ሰው ማን ይሆን?» ብሎ አንዲት ቅጽበት ቢያመነታ፣ ሕግ በዚያች ቅጽበት ተሸንፏል።

የሰሌዳን ታሪክ መለስ ብሎ ያየ ሰው አንድ ትምህርት ያገኛል። የፓሪስ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1893 ባወጣው ደንብ፣ እያንዳንዱ ሞተር ተሽከርካሪ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ የፈቃዱንም ቁጥር በግልጽ የሚያሳይ የብረት ሰሌዳ እንዲይዝ አዝዞ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ፣ ስሙ በሰሌዳው ላይ እንዲሰፍር የተደረገው ባለቤቱን ለማክበር ሳይሆን ተጠያቂ ለማድረግ መሆኑ ነው። መኪናው እየበዛና እየፈጠነ በሄደ መጠን ግን ስምና አድራሻ ከሩቅ የማይነበብ፣ ለብዙዎችም የጋራ በመሆኑ የማይለይ ሆነ። ስለሆነም መለየቱ ለፊደልና ለቁጥር ተተወ። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከጥር 1904 ጀምሮ ይህንኑ ሥርዓት ሕግ አደረገችው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ስትገባ የማን መሆኗን ለማወቅ ሰሌዳ ማንበብ አላስፈለገም፤ የዐፄ ምኒልክ መሆኗን የማያውቅ አልነበረምና። ዛሬ የተሽከርካሪው ብዛት ከ1 ሚሊዮን በላይ በሆነበት ወቅት ግን ያለ መዝገብና ያለ መለያ መንገድ ላይ ሰላም አይኖርም። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገውም ለዚሁ ነው። ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው ሥርዓት ኮድ 1 ታክሲን፣ ኮድ 2 የግል መኪናን፣ ኮድ 3 የንግድ ተሽከርካሪን፣ ኮድ 4 የመንግሥትን ንብረት ለይቶ ሲያሳይ ኖሯል። ቀለሙም እንዲሁ በየኮዱ ይለያያል። ይህ ልዩነት ከአገልግሎት የመነጨ ነው፤ መኪናው ምን እንደሚሠራ ይናገራል እንጂ ባለቤቱ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለው አይናገርም። የመንግሥት መኪና በእሑድ ቀን ለግል ጉዳይ ሲዞር አላፊ አግዳሚው ታዝቦ መጠየቅ የሚችለውም ኮዱን አንብቦ ነው።

የሰሌዳው ቁጥር ለጋራ ጥቅም የሚውልበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተከሰተ ጊዜ፣ የግል ተሽከርካሪዎች የሰሌዳቸው የመጨረሻ አሃዝ ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑ እየታየ በፈረቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ነበር። በሰሌዳው ላይ የአባቱን ስም ብቻ ያስጻፈ ሰው በየትኛው ቀን ሊወጣ ነው? በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲደርስ በተወሰነ ጊዜም፣ ድጎማው የሚገባው ተሽከርካሪ ከማይገባው የተለየው በምዝገባ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሰው ሕይወት አለ። በአገራችን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም መካከል እግረኞች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ገጭቶ የሚያመልጥ ሾፌርም አለ። አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ከማታ ፈረቃ ስትመለስ መኪና ገጭቷት ቢሰወር፣ ፍትሕ የሚጀምረው ከመንገዱ ማዶ ቆሎ የምትሸጥ እናት ወይም በደጁ የቆመ ዘበኛ ከሰሌዳው ላይ ባነበበው ነገር ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን መግባት ግዴታው ነው። ተለይቶ ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰውም ካሣ የሚከፍል የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህ መልካም ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ከፈንዱ የሚገኘው ገንዘብ የገጨውን ሰው ለፍርድ አያቀርበውም። ለፍርድ የሚያቀርበው የተነበበ ሰሌዳ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ ክርክር ሊቀርብ ይችላል። «ስም ከአሃዝ ይልቅ በአእምሮ ይቀረጻል፤ ቆሎ ሻጯ አምስት አሃዝ ከምታጠና አንድ ስም ብታስታውስ አይቀላትምን?» የሚል ነው። ክርክሩ በመጀመሪያ ሲያዩት እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የፊደላችንን ጠባይ የሚያውቅ ሁሉ መልሱን አያጣውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በጽሑፍ ይለያያሉ፤ በጆሮ ግን አንድ ናቸው። አንዱ መኪና «ሰላም»፣ ሌላው «ሠላም» የሚል ሰሌዳ ቢይዝ፣ ምስክሯ «ሰላም የሚል ነው ያየሁት» ብላ ቃሏን ስትሰጥ መርማሪው የትኛውን መዝገብ ይግለጥ? «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሃይ» የሚሉ ሦስት መኪኖች ቢኖሩስ? በዚያ ላይ ተወዳጁን ስም ብዙ ሰው ስለሚሻው «ሰላም 1»፣ «ሰላም 11» እየተባለ መቀጠሉ አይቀርም። ያን ጊዜ ምስክሯ ስሙን ይዛ ቁጥሩን ትስታለች። ሰባትን ግን ማንም በሁለት ዓይነት ፊደል አይጽፈውም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የመኪናን ቁጥር ግን መዝገብ ያውጣው።

ሁለተኛው ክርክር የገቢ ጉዳይ ነው። «ባለጸጋው በፈቃዱ ይክፈል፤ ገንዘቡ መንገድ ይሠራበት፤ ድኻው ምን ይጎዳል?» ይባላል። የዱባዩ ጨረታ ገቢ ለረሃብተኞች ምግብ መዋሉም በማስረጃነት ይጠቀስ ይሆናል። የተራበ መብላቱን የሚጠላ የለም። ዳሩ ግን መንግሥት ከቅንጦት ገቢ ለመሰብሰብ ሲፈልግ መሣሪያ አላጣም። ቀረጥ አለ፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አለ፤ ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያም አለ። በግብር የተሰበሰበ ገንዘብ ግዴታ ነው፤ ከፋዩን ከዜጋ በላይ አያደርገውም። በሰሌዳ ሽያጭ የተሰበሰበው ግን ለከፋዩ በአደባባይ የሚያሳየው ብልጫ ያሸክመዋል። ሕዝብን እኩል አድርጎ መመዝገብ ያለበት ጽሕፈት ቤት የብልጫ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ፣ አጫጭሮቹን ቁጥሮች ለራሱ ሰዎች የሚያስቀር፣ ለዘመድ የሚያደላና በጓዳ የሚደራደር ደላላ መፈጠሩ አይቀሬ ነው። ብርቅ ነገር የሚታደልበት መስኮት ሁሉ ይህን አደጋ ይዞ እንደሚመጣ ሠርቶ አደሩ ከኑሮው ያውቀዋል።

ሦስተኛው ክርክር «ሰው በንብረቱ ላይ ስሜቱን መግለጽ መብቱ ነው» የሚለው ነው። መብቱስ መብቱ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ይህን መብት ከማንም ሳይገዛ ሲሠራበት ኖሯል። የታክሲዎቻችንን የውስጥ ጥቅስ፣ የባጃጆቻችንን የኋላ መስታወት፣ የጭነት መኪኖቻችንን ግንባር ማየት ይበቃል። ቀልዱ፣ ምክሩ፣ የእናት ምርቃቱ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ስም ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። ሾፌሩ ይህን ለማድረግ ጨረታ አልገባም፤ ከቀለም ሠሪው ጋር ተስማምቶ አስጻፈ እንጂ። መስታወቱ የሾፌሩ ነው፤ የልቡን ይጻፍበት። ሰሌዳው ግን የሕዝብ ነው። ሁለቱን መደባለቅ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። በገንዘብ የሚገዛ ስም ያለበት ሰሌዳ ለገዢው ኩራት ይሰጠው ይሆናል፤ ለእግረኛው ግን የሚጨምርለት ጥቅም ቅንጣት ታህል የለም፤ ያለውንም መከታ ያሳሳበታል። በመሆኑም የአካባቢ ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በጉዳዩ ላይ በየስብሰባቸው ሊወያዩበት፣ አቋማቸውንም ሊያሳውቁ ይገባል።

ውይይቱም በተግባር መታገዝ አለበት። ጭቃ ሸፍኖት፣ ተጣምሞ ወይም ቀለሙ ለቆ የማይነበብ ሰሌዳ ይዞ የሚሽከረከር መኪና ሲታይ ዝም ማለት አይገባም፤ ለባለቤቱ ማሳሰብ፣ እምቢ ካለም ለትራፊክ ፖሊስ ማመልከት የነዋሪው ኃላፊነት ነው። አደጋ ሲደርስም መጀመሪያ ተጎጂውን መርዳት፣ ወዲያውም ኮዱን፣ ፊደሉንና አሃዙን በቅደም ተከተል መያዝ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለልጆቹ ሊያስተምረው የሚገባ ዕውቀት ነው። የሚነበብ ሰሌዳ በገንዘብ ከተገዛ ሰሌዳ ሁሉ ይበልጣል።

መንገዱ የተሠራው በሁላችንም ግብር ነው። በላዩ የሚሽከረከረው ተሽከርካሪም ለሁላችንም እኩል መልስ ይስጥ!